የኮምፒውተር ጥቃት እንዴት ወደ ኒውክሌር ጦርነት ያደርሳል?

«ሰርቨር ተጠለፈ ተብሎ ማን ሚሳይል ይተኩሳል?» ላልከው፦ አደጋው ያለው የሚሳይል ጥቃት ሲመጣ በሚያስጠነቅቀውና የኒውክሌር ትዕዛዝ በሚያስተላልፈው መስመር ላይ ነው። ሩሲያ በሚሳይል መከታተያዋ ውስጥ ሰርጎ ገብ አገኘች እንበል። ለስለላ ይሁን ዓይኗን ለማጥፋት በቶሎ መለየት ይከብዳታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 የኒውክሌር ፖሊሲዋ፣ በዚህ መስመር ላይ የሚደርስ ከባድ ጥቃት የኒውክሌር ምላሽ ሊያስከትል እንደሚችል ጽፋለች።

ለመወሰን ያለው ጊዜ ደግሞ ደቂቃዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 የልምምድ ፕሮግራም በአሜሪካ ኮምፒውተሮች ላይ እውነተኛ የሶቪየት ጥቃት መስሎ ታየ። ጠላፊ እንኳን አልነበረም! ስህተቱ የታወቀው ከሳተላይትና ከራዳር ጋር ሲመሳከር ነው። እነሱም ቢጠለፉስ?

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፤ «እገሌ ነው ያጠቃው» የሚል የመጀመሪያ ዜና አትመን። እ.ኤ.አ. በ2018ቱ የክረምት ኦሊምፒክ ላይ በደረሰው የኮምፒውተር ጥቃት ጊዜ እኔም ሰሜን ኮሪያ ናት ብዬ አውርቼ ነበር። በኋላ አሜሪካ የከሰሰችው የሩሲያ ወታደራዊ ስለላ መኮንኖችን ነው።