ስለ ካና ለጠየቅሽው፣ መጀመሪያ ያቺን የታመመችውን ንቀያት

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት ግን ባጭሩ የሚመለስ ስላልሆነ ዛሬ ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ያልሽው እንደገባኝ፣ ሜሪላንድ ነሽ፣ ዴኩ (የእንጨት በረንዳው) አጠገብ ጥቁር ቅጠል ያለው ካና፣ ያንን ቅጠሉ ኮባ የሚመስለውን ባለ አበባ ተክል፣ መትከል ፈልገሻል የትኛው ይሻላል፣ አምና የገዛሽው ደግሞ ቅጠሉ ላይ ቢጫ መስመር እያወጣ ነው ማዳበሪያ አንሶት ነው ወይ፣ ዊንተር ላይስ እዛው ልተወው ወይስ ላውጣው። እኔ ማዶ ቨርጂኒያ ነኝ፣ አየሩ አንድ ነው፣ ካና ከያዝኩ ደግሞ ዘጠነኛ ዓመቴ ስለሆነ የሚጠፋውን ጥፋት ሁሉ አጥፍቼ ጨርሻለሁ ማለት ይቻላል።

ከላክሽልኝ ፎቶ ልጀምር፣ እሱ ነው የሚያስቸኩለው። ማዳበሪያ ያነሰው ካና መጀመሪያ የሚገረጣው ከታች ያለው አሮጌው ቅጠል ነው፣ እሱም ሙሉ በሙሉ ነው የሚገረጣው። አይረን (ብረት) ያነሰው ደግሞ አዲሱ ቅጠል ላይ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሀል መሀሉ ቢጫ ይሆናል። ያንቺ ሁለቱንም አይደለም። ቢጫው ጅማቱን ይዞ ይሄድና ይቆረጣል፣ ትንሽ ዘሎ ደግሞ ይቀጥላል፣ አንዱ ጋ ወፍራም አንዱ ጋ ክር ይመስላል፣ ጠርዙ አካባቢ ደግሞ ቡናማ ሆኖ ደርቋል። ይሄ ቫይረስ ነው እህቴ። ካና ላይ የሚታወቁ ሁለት ሦስት ዓይነት አሉ፣ አንዳንዱን ቅማል መሳዮቹ አፊዶች ከተክል ተክል ያዞሩታል፣ ዋናው ግን እኛው ራሳችን ነን የምናባዛው፣ ሥሩን እየከፈልን ስንሰጣጥ። መድኃኒት የለውም፣ ቅጠሉን ቆርጦ መጣልም አይፈታውም ምክንያቱም ሥሩ ውስጥ ነው ያለው። ከነሥሩ አውጥተሽ ፕላስቲክ ውስጥ አስረሽ ወደ ቆሻሻ፣ ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጨምሪው። አውቃለሁ ያሳዝናል፣ በተለይ አበባ ይዞ እያየሽው።

እኔ አራተኛው ዓመት ላይ አንዱ ቅጠሉ ዥንጉርጉር ሲል "ደስ ሲል አዲስ ዓይነት ወጣልኝ" ብዬ ፎቶ እያነሳሁ ለሰው እልክ ነበር። ከዛ ሜይ ላይ እሱን በቢላ ከፍዬ በዛው ቢላ፣ እንኳን ላጥበው ሳልጠርገው፣ የቀሩትን በሙሉ ከፈልኳቸው። በሚቀጥለው ሰመር አስራ አንድ ካና ነቅዬ ጣልኩ። ባለቤቴ ገንዘቡን ሲያሰላ እኔ ጋራዥ ገብቼ አልቅሻለሁ ብልሽ አታምኚኝም። አሁን ባልዲ ውስጥ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ አለ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስሄድ ቢላውን እሱ ውስጥ እነክረዋለሁ።

እሺ ወደ ደስ የሚለው እንምጣ። እኔ የምልሽ ካና ስትመርጪ መጀመሪያ ቅጠሉን እይ። አበባው ያምራል፣ ግን አንዱ አበባ ቢበዛ ሁለት ሦስት ቀን ነው፣ ዝናብ ከመታው ደግሞ እንደ እርጥብ ሶፍት ነው የሚሆነው፣ ቅጠሉ ግን ከጁን እስከ ኦክቶበር እዛው አለ። ድሮም ለዛ ነበር የሚተከለው። ማዳቀሉን የጀመረው ቴዎዶር አኔ የሚባል ፈረንሳዊ ዲፕሎማት ነው፣ ከደቡብ አሜሪካ ተመልሶ ፓሪስ ውስጥ በፈረንጆቹ 1840ዎቹ፣ ያኔ አበባው ትንንሽ ስለነበር ሰው የሚፈልገው ቅጠሉን ነበር፣ ትልልቁ አበባ የመጣው ከሱ በኋላ ሊዮን ላይ ክሮዚ የሚባለው ሰውዬ እያዳቀለ ነው። እና ባይዘዌይ አበባ ብለን የምናየው ቀለም እንደ ሌላው አበባ ፔታል (የአበባው ቅጠል) አይደለም፣ ወንዴው ዘንግ ሰፍቶ ነው እንደዛ የሚሆነው፣ ትክክለኛው ፔታል ከሥሩ ያለችው ጠባቧ ነገር ነች፣ ገልበጥ አድርገሽ እይው።

ላንቺ ቦታ አውስትራሊያ የሚባለውን ነው የምመክርሽ። ቅጠሉ ጥቁር ወይን ጠጅ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ በዘይት የተወለወለ ነው የሚመስለው፣ ሌሎቹ ጥቁሮች ጁላይ ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ወደ አረንጓዴ ሲደበዝዙ እሱ ቀለሙን ይዞ ይቆያል። አበባው ደማቅ ቀይ፣ ቁመቱ አራት አምስት ጫማ። ዋዮሚንግም አለ፣ እሱ ቅጠሉ ነሐስማ ሆኖ አበባው ብርቱካን ነው፣ እኔ ጋ ስድስት ጫማ አልፎ የጎረቤቱን አጥር ማየት ጀምሯል፣ ለዴክ አይሆንም። ፋዚዮን ማለት ትሮፒካና ብለው የሚሸጡት ነው፣ ወይን ጠጁ ላይ ሮዝና ብርቱካን መስመር ያለው፣ ማታ ማታ ፀሐይዋ ከጀርባው ስትገባ ቤተክርስቲያን መስኮት ላይ ያለውን ባለቀለም መስታወት ነው የሚመስለው፣ በቃ ሌላ ቃል የለኝም። ግን ከአውስትራሊያ ጋር ጎን ለጎን አታድርጊው፣ ሁለቱም ልታይ ልታይ ይላሉ።

ስም ላይ ተጠንቀቂ። እኔ አንድ ዓመት ፕሪቶሪያ፣ ቤንጋል ታይገር እና ስትሪያታ ብዬ ሦስት ለየብቻ አዝዤ ሲያድጉ ሦስቱም አንድ ሆነው ቁጭ አሉ! አንዱ ተክል ነው በሦስት ስም የሚሸጠው፣ አረንጓዴ ላይ ቢጫ መስመር ያለው። ይሄንን ደግሞ ከቫይረስ ጋር እንዳታምታቺው፣ የሱ መስመር ከመሀሉ አጥንት ተነስቶ እስከ ጠርዙ ሳይቆረጥ ነው የሚሄደው፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል፣ ቅጠሉ ሁሉ ላይ እኩል ነው። ክሊዎፓትራ ብዬ ያዘዝኩት ደግሞ (ግማሽ ቢጫ ግማሽ ቀይ አበባ የምታወጣው፣ ቅጠሏ ላይ የጥቁር ፕላስተር የመሰለ ያላት) ተራ ብርቱካን ሆኖ ወጣ፣ ሻጩ እስካሁን አልመለሰልኝም። ስቱትጋርት የሚሉትን ነጭ ያለበትን ተይው፣ ነጩ ቦታ በፀሐይ ይቃጠልና እንደ ተጠበሰ ወረቀት ይሆናል።

ቫይረሱ ካስፈራሽ ከዘር የሚያድጉትን ካኖቫ የሚሏቸውን ፈልጊ፣ ከሥር ክፍፍል ስላልመጡ በጣም ንፁህ ናቸው፣ አጫጭር ስለሆኑ ለፖትም ይሆናሉ። ሌላ አጭር ከፈለግሽ ሉሲፈር አለ፣ ቀይ ሆኖ ጠርዙ ቢጫ፣ ከሁለት ጫማ ብዙም አያልፍም። እናቴ ለጉብኝት መጥታ "ይሄ ስሙ ማነው" ስትለኝ ቀይ ካና ነው ብዬ አለፍኩት፣ ስሙን ብነግራት ፀበል ትረጭበት ነበር።

አተካከሉ ቀላል ነው። ዝንጅብል የመሰለው ሥር ላይ ሁለት ሦስት አይን (ቡቃያ የሚወጣበት ቦታ) ያለው ቁራጭ ውሰጂ፣ ሜይ መጀመሪያ መሬቱ ሲሞቅ ሦስት አራት ኢንች ጥልቀት፣ በመሀከላቸው ሁለት ጫማ። በቀን ለስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ካላገኘ ጥቁሩም አይጠቁርም። ውሃና ኮምፖስት በደንብ ይወዳል፣ ናይትሮጅን ብቻ ካበዛሽ ግን ቅጠል በቅጠል ሆኖ አበባ ይረሳል። አበባው ሲረግፍ የረገፈውን ብቻ ቆንጥሪ፣ አገዳውን አትቁረጪ፣ ከጎኑ ሌላ እምቡጥ አለ። ያ ጥቁር ፍሬው ከተያዘም ምንም አይደል፣ ጅማ ቤታችን አጥር ሥር እየለቀምን ጥይት ነው እያልን እንወራወርበት ነበር፣ ለካ ፈረንጆቹም "የህንድ ጥይት" ነው የሚሉት። ግን ከሱ ዘርቼ ያንኑ አውስትራሊያ አገኛለሁ እንዳትዪ፣ እናቱን አይመስልም። ጁላይ ላይ የጃፓን ጥንዚዛ ይመጣል፣ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ፈዘው ስለሚገኙ የሳሙና ውሃ ያለበት ጣሳ ከሥር ይዘሽ ብታራግፊያቸው ይገባሉ፣ ልጆቼ በአንድ ጥንዚዛ አምስት ሳንቲም ነው የሚያስከፍሉኝ።

ዊንተር ላይ አገር ቤት እንደለመድነው ትቶ መግባት እዚህ ቁማር ነው። ደቡብ ግድግዳ ሥር ወፍራም መልች (አፈሩን የሚሸፍን ገለባ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ) አልብሼ የተውኩት ሁለት ዊንተር ተርፎ ሦስተኛው ላይ በሰበሰ። አሁን ውርጭ መጥቶ ቅጠሉን እስኪያጠቁረው እጠብቅና አራት አምስት ኢንች አስቀርቼ እቆርጠዋለሁ፣ ሥሩን በመንሽ ከሩቅ ጀምሬ አነሳለሁ፣ አፈሩን አራግፌ ሁለት ቀን አስጥቼ ፒት ሞስ (የደረቀ ሽበት መሳይ ሣር) ያለበት ካርቶን ውስጥ ስሙን ጽፌበት ቤዝመንት አስቀምጠዋለሁ። ከ45 እስከ 50 ፋራናይት ከሆነ ጥሩ ነው። በወር አንዴ ነካ ነካ አድርጊው፣ ከተጨማደደ ውሃ እፍ በይበት፣ የለሰለሰውን ቆርጠሽ ጣይ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ኮባ እዚህ ስለማይገኝ አምና ለአዲስ ዓመት ድፎ ዳቦውን በካና ቅጠል ነው የጋገርኩት። አረንጓዴውን ሙዚፎሊያን ነው፣ ስምንት ጫማ የሚደርሰውን፣ አንዱ ቅጠል ትሪ ይሸፍናል፣ የመሀሉን አጥንት በቢላ አሳስቼ እሳት ላይ ለብለብ ሳደርገው ለሰለሰልኝ። ኢኳዶሮችም ኪምቦሊቶ የሚሉትን ጣፋጭ ጠቅልለው በእንፋሎት የሚያበስሉት በካና ቅጠል ነው። መድኃኒት የረጨሽበትን ግን በፍጹም፣ ከሱቅ የገዛሽውንም በዛው ዓመት ተይው።

አውስትራሊያዬን ሜይ ላይ እከፍለዋለሁ፣ ሦስት አይን ያለው አስቀምጥልሻለሁ፣ ብቻ ያቺን ሳትነቅዪ እንዳትመጪ።