ዴኒስ፣ አምስት መንደር ያላት የባሕር ዳር ከተማ፦ ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ኬፕ ኮድ በተባለው ልሳነ ምድር ላይ ስለምትገኘው ዴኒስ የጠየቃችሁኝን በየተራ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቤት ለመከራየት ስንፈልግ ኢስት ዴኒስ፣ ዴኒስፖርት እያለ ግራ አጋባን። ከተማው ስንት ነው?

መልስ፦ አንድ ነው። ዴኒስ ከያርማውዝ ተለይታ ራሷን የቻለችው በ1793 ሲሆን አስተዳደሯ አንድ፣ መንደሮቿ አምስት ናቸው፦ ዴኒስ፣ ኢስት ዴኒስ፣ ሳውዝ ዴኒስ፣ ዌስት ዴኒስና ዴኒስፖርት። ሜን ስትሪት የሚባል መንገድ ከአንድ በላይ መንደር ውስጥ ስላለ፣ አድራሻ ስትይዙ የመንደሩን ስም አትዝለሉ።

ጥያቄ፦ ልጆቻችን ዋና አይችሉም። የት እንውሰዳቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ መንደር ከመምረጥሽ በፊት ባሕር ምረጪ። በሰሜን በኩል የኬፕ ኮድ ባሕረ ሰላጤ፣ በደቡብ የናንታኬት ውኃ አለ፤ ጠባያቸው ለየቅል ነው። በሰሜን፣ ሜይፍላወር በሚባለው ዳርቻ፣ ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው እጅግ ርቆ ይገለጣል። በየጎድጓዳው የቀረው ውኃ ፀሐይ ሲመታው ለብ ይላል፤ ልጆች ቁርጭምጭሚት በማይሞላ ውኃ ውስጥ ትንንሽ ሸርጣን ሲያባርሩ ይውላሉ። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ የልጆች መዋያ የለም። ነገር ግን ውኃው ከሸሸ ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ ተመልሶ ይሞላል፣ ያውም መጀመሪያ ከኋላችሁ ያለውን ዝቅተኛ ቦታ ነው የሚሞላው። ርቃችሁ ከሄዳችሁ በጊዜ ተመለሱ። ሰዓቱ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ስለሚገፋ የትናንቱን ይዛችሁ አትውጡ። በደቡብ ያለው ዌስት ዴኒስ ውኃው ሞቅ ያለ ነው፤ ሽሽቱና ሙላቱም አነስተኛ ነው።

ጥያቄ፦ ከቱሪስቱ በፊት ሰዉ በምን ይተዳደር ነበር?

መልስ፦ ይህን ስለጠየቁኝ ደስ ብሎኛል፤ አብዛኛው ጎብኚ ባሕሩን ብቻ አይቶ ይመለሳል። ከሁሉ በፊት አገሩ ኖብስከሴት የተባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ነበር፤ መቃብራቸው ስካርጎ ሐይቅ ዳር ዛሬም ታጥሮ ይገኛል፣ ቆም ብለው ይዩት። በ1776፣ በነፃነቱ ጦርነት ጨው ሲጠፋ፣ ጆን ሲርስ የተባለ የመርከብ አዛዥ የባሕር ውኃ በእንጨት ገንዳ በፀሐይ አድርቆ ጨው ማውጣት ጀመረ። ጎረቤቶቹ ቢሳለቁበትም ሥራው በኬፑ ሁሉ ተስፋፋ። በ1816 ደግሞ ሄንሪ ሆል ነፋስ አሸዋ ያለበሰው የዱር ክራንቤሪ (ቀይ፣ ጎምዛዛ ፍሬ የሚሰጥ ተክል) ከሌላው ይልቅ ሲያፈራ አስተዋለ፤ እርሱም አሸዋ እያለበሰ ማልማት ጀመረ። ዛሬም የክራንቤሪ ገበሬዎች ማሳቸውን አሸዋ ያለብሳሉ።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥተዋል፤ ብዙ መራመድ አይችሉም።

መልስ፦ ስካርጎ ኮረብታ ይውሰዷቸው። መኪና እላይ ድረስ ይወጣል፤ አናቱ ላይ ያለውን የድንጋይ ግንብ ደረጃ ባይወጡም ሐይቁና ባሕሩ ከታች ይታያቸዋል።

ጥያቄ፦ ከቦስተን መቼ እንነሣ?

መልስ፦ በሐምሌና በነሐሴ ቅዳሜ አይሁን። የኪራይ ቤቶች ባብዛኛው ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ስለሚያዙ ገቢውም ወጪውም ወደ ኬፕ ኮድ በሚያሻግረው ድልድይ ላይ ይገናኛል። ከቻላችሁ መስከረምን ጠብቁ፤ ሰዉ ቀንሷል፣ ባሕሩ ግን ገና አልቀዘቀዘም።