ከቧንቧው እስከ ኩባያው፦ ስለ መጠጥ ውሃ ለጠየቃችሁን

በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ፦ ቧንቧ እንጠጣ ወይስ ሃይላንድ እንግዛ? ክሎሪን የሚገባበት የከተማ መስመር ላለው ቤት፣ ለዕለት መጠጥ ምርጫችን ቧንቧ ነው። ውሃው ብዙ ጊዜ የሚበከለው በመንገድ ላይ ባለው ቱቦ፣ በሮቶና በጀሪካን ውስጥ ስለሆነ ነገራችንም እዚያው ላይ ይበረታል።

ውሃ ሰፈራችን የሚመጣው በሳምንት አንዴ ቢበዛ ሁለቴ ነው፤ ሲመጣም መጀመሪያ ቀይ ነው። ለልጆቼ ስለምፈራ ሃይላንድ በእሽግ እገዛለሁ፤ ወጪው ግን ከበደኝ። (እናት፣ ከደሴ ሰኞ ገበያ)

እህታችን፣ ቀዩ ዝገትና ቱቦው ውስጥ የተኛ ደለል ነው። ውሃው ተቋርጦ ሲመለስ በኃይል ስለሚገባ የተኛውን ያነሳዋል። ከቀለሙ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን የማይታየው ነገር ነው። ቱቦ ግፊት ሲያጣ በተሰነጠቀበትና በመጋጠሚያው በኩል በዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል። አጠገቡ የሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም የጎርፍ ቦይ ካለ የሚስበው እሱን ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ውሃ ለወለል፣ ለልብስና ለሽንት ቤት ይቅዱት። ጠርቶ ካዩት በኋላም አንድ ባልዲ ያህል ጨምረው ያፍስሱ፤ የመጠጡ ጀሪካን የሚሞላው ከዚያ ወዲያ ነው። ይህ ጀሪካን ለመጠጥ ብቻ ይሁን፤ ክዳኑ አይለይ። ሁለት ቀን ሦስት ቀን የሚቀመጥ ውሃ ስለሆነ ማከም ወይም ማፍላት ያስፈልጋል፤ መጠኑን ከታች ጽፈነዋል። ውሃው ከቤት ውስጥ የሚበከልበት ዋናው ምክንያት ደግሞ ኩባያ መንከር ነው። አፉ ሰፊ ባልዲ ካለዎት ከሥሩ ቧንቧ ያስገጥሙለት፤ አለዚያ ከጀሪካኑ አዘንብለው ይቅዱ።

ወጪውን እናስላው። አንድ ሰው በቀን 2 ሊትር ቢጠጣ አምስት ሰው ያለበት ቤት በወር 300 ሊትር ይፈልጋል። በባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ 150 ጠርሙስ፣ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 15 ጀሪካን ነው። ከአንድ ሜትር ኩብ ሲሶውን እንኳ አይሞላም። የወሩን የውሃ ደረሰኝ ያውጡና የአንዱን ሜትር ኩብ ዋጋ ከ150 ጠርሙስ ዋጋ ጋር ያስተያዩት።

ከቧንቧ የቀዳሁት ውሃ ነጭ ሆኖ ወተት ይመስላል። ክሎሪን በዝቶበት ነው? (ከኮምቦልቻ)

በብርጭቆ ቀድታችሁ አስቀምጡት። ከታች ወደ ላይ እየጠራ ሄዶ በአንድ ሁለት ደቂቃ ንጹህ ከሆነ አየር ነው፤ ጠጡት። ሳይጠራ ከቆየ ወይም ከሥር ነገር ካዘቀጠ ግን አየር አይደለም፤ ለውሃ አገልግሎቱ አመልክቱ።

ጀሪካን ውስጥ በረኪና ስንት ይገባል? ሽታውስ አይጎዳም? (ከወልዲያ)

መጀመሪያ የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብቡ። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት 5 በመቶ የሚል፣ ሽቶም ሳሙናም የሌለበት መሆን አለበት። መጠኑ ያልተጻፈበትን፣ በየሱቁ በላስቲክ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጠውን ለመጠጥ አታስቡት። ክሎሪን በጊዜና በፀሐይ ጉልበቱን ስለሚያጣ የቆየም አይሆንም። ለመጠጥ ተብሎ የተዘጋጀ እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ ካገኛችሁ ያ ይቅደም፤ መጠኑ ላዩ ላይ ተጽፏል።

በ5 በመቶው በረኪና ከሆነ ለጠራ 20 ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በማንኪያ መገመት አያስተማምንም፤ ከፋርማሲ አዲስ ሲሪንጅ ያለ መርፌው ግዙ። የደፈረሰውን በንጹህ ነጠላ አጥልላችሁ 2 ሚሊ አድርጉት። አንቀጥቅጣችሁ ክዳኑን ዘግታችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ሲሸተት ጥቂት ክሎሪን ሊሸት ይገባል፤ ጭራሽ ካልሸተተ ቆሻሻው በልቶታል ማለት ነው፣ ድገሙት።

ሽታውን ብዙ ሰው ይጠላዋል፤ እኛ ግን ብንሸተው ደስ ይለናል። የዓለም ጤና ድርጅት ቧንቧው ጫፍ ላይ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም በሊትር ቀሪ ክሎሪን እንዲኖር ይመክራል፤ ለጤና ያስቀመጠው ጣሪያ 5 ሚሊ ግራም ነው። አፍንጫችሁ የሚያውቀው ከዚህ ጣሪያ በጣም ዝቅ ብሎ ሳለ ነው። ጣዕሙ ካስቸገራችሁ በጆግ ቀድታችሁ፣ በንጹህ ጨርቅ ሸፍናችሁ አሳድሩትና በማግስቱ ጨርሱት፤ ሽታው ሲሄድ መከላከያውም አብሮ ሄዷልና ከዚያ በላይ አይቆይ።

አንድ ነገር ሳንል አንለፍ፦ ክሎሪን የታይፎይድንና የኮሌራን ጀርም ይገድላል፤ በጠንካራ ሽፋን የተጠቀለሉት የጃርዲያና የአሜባ ጀርሞች ግን በዚህ መጠን አምልጠው ሊቀሩ ይችላሉ። ሆድ ደጋግሞ በሚያስቸግርበት ቤት፣ በተለይ በክረምት፣ ማፍላቱ ይሻላል።

ደሴ ላይ ውሃ ስንት ደቂቃ መፍላት አለበት? ማፍያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገርስ ኩላሊት ላይ ጠጠር አይሆንም? (ጡረተኛ፣ ከሆጤ)

አባታችን፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚያ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ የሚመከረው ተንፈቅፍቆ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ነው፤ ዝቅ ብላ ላለችው ኮምቦልቻ 1 ደቂቃ ይበቃል። ግማሽ ሰዓት ማንተክተክ ከሰልና መብራት ማባከን ነው። በራሱ የሚጠፋ የኤሌክትሪክ ማፍያ ከሆነ ደግመው ይጫኑትና ክዳኑን ሳይከፍቱ ይብረድ። የፈላ ውሃ ክሎሪን ስለሌለው እጅ ወይም ኩባያ ከነካው እንደገና ይበከላል፤ በፈላበት ዕቃ ይቀመጥ ወይም በፈላ ውሃ ወደታጠበ ፔርሙዝ ይገልበጥ።

ነጩ የካልሲየም ካርቦኔት ጋገራ ነው። በምግብም የምናገኘው ማዕድን ነው፤ ማፍያው ላይ ስለተጋገረ ኩላሊት ላይም ይጋገራል ማለት አይደለም። የጠጠር ዋናው መከላከያ በቂ ውሃ መጠጣት ነው፤ ጠጠር የነበረበት ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። ጋገራውን ለማስለቀቅ አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል ሞልተው ያፍሉና አንድ ሰዓት ያቆዩት፣ ከዚያ ያጥቡት። አቼቶ ባለበት ዕቃ ላይ በረኪና እንዳይጨምሩ! የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ማጣሪያ ሻጭ ባለ ቁጥር መለኪያ ቧንቧው ውሃ ውስጥ ነክሮ 380 አሳየን፤ የታሸገው 40 ነው። ቧንቧው መርዝ ነው ማለት ነው? (ባለ ሱቅ፣ ከኮምቦልቻ)

አይደለም። መሣሪያው የሚቆጥረው የሟሙ ጨዎችን እንጂ ጀርምን አይደለም። እስከ 600 ድረስ ያለው ለጣዕም ጥሩ የሚባል ነው። የወፍ ኩስ ካለበት ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ በዚያው መለኪያ ከታሸገው እኩል ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ይጠጡታል? ጥርጣሬ ካለዎት ላቦራቶሪ ይሂድና ኢ.ኮላይ (ከሰገራ የሚመጣ ጀርም) ይመርመር፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ዜሮ መሆን አለበት። ሻጩን በትሕትና ይሸኙት።

ግቢያችን ውስጥ 1,000 ሊትር ሮቶ አለ፤ ታጥቦ አያውቅም። (አከራይ፣ ከደሴ)

ተከራዮችዎ ከሱ የሚጠጡ ከሆነ ይህ ሳምንት አይለፍዎት። ውሃውን ያውርዱ፤ ደለሉን ከውጭ ሆነው በረጅም ብሩሽ ፈትገው በታችኛው ማውጫ ያስወጡ። ሮቶው ውስጥ ሰው አይግባ። ሩቡን ይሙሉ፣ 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ይጨምሩ፣ እስከ አፉ ሞልተው ክዳኑን ዘግተው 24 ሰዓት ያቆዩት። በዚህ መሃል ተከራዮቹ እንዳይጠጡ በር ላይ ይለጥፉ። በማግስቱ በሁሉም የቤት ቧንቧ እየለቀቁ ያፍስሱት፤ ወደ አትክልት ወይም ወደ ወንዝ አይሂድ። አንዴ ሞልተው ደግመው ካፈሰሱ በኋላ ለመጠጥ ይሆናል። በዓመት ሁለቴ ይበቃል፤ አንዱን ክረምት እንደወጣ ያድርጉት።

ባዶ ሃይላንድ ደጋግመን እንሞላለን፤ ችግር አለው? (ተማሪዎች፣ ከሐይቅ)

ፕላስቲኩ ሳይሆን አፉ ጠባብ ሆኖ ውስጡን መፈተግ አለመቻሉ ነው ችግሩ። የሚያዳልጥ ነገር ከያዘ፣ ከሸተተ ወይም ከተጫጫረ ጣሉት። ከአፍ የጠጣችሁበትን በዚያው ቀን ጨርሱት፤ ለታሸገውም ያው ነው፣ ክሎሪን ስለሌለው ከተከፈተ በኋላ የሚጠብቀው የለም።

ለሕፃን የዱቄት ወተት በታሸገ ውሃ ሳላፈላ በጥብጬ እሰጣለሁ። ትክክል ነኝ? (ከመርሳ)

የታሸገ ማለት ከጀርም ፍጹም የጸዳ ማለት አይደለም፤ ዱቄቱ ራሱም ጀርም ሊኖርበት ይችላል። የቧንቧም ሆነ የታሸገ ውሃ ይፍላ፤ ከወረደ ከ30 ደቂቃ በላይ ሳይቆይ፣ ገና ከ70 ዲግሪ በላይ ሳለ ዱቄቱን ይጨምሩበት። ከዚያ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረው ያብርዱት፤ ክንድዎ ላይ ጠብ አድርገው ለብ ማለቱን ያረጋግጡ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ያላለቀው ይደፋ። ከስድስት ወር በታች ሆኖ ጡት ብቻ ለሚጠባ ሕፃን ግን የቧንቧም የታሸገም ውሃ አያስፈልገውም።