መልስ፦ ተማሪዎች መቼ ማባዛት፣ መቼ ማካፈል እንዳለባቸው ሲምታታባቸው

ሰላም መምህር። ልጆቹ ኪሎ ሜትርን ወደ ሜትር ሲቀይሩ ማባዛትና ማካፈሉ ይምታታባቸዋል ብለዋል። እኔ "የአስርዮሽ ነጥቡን ወደ ቀኝ ውሰድ፣ ወደ ግራ ውሰድ" የሚለውን ትቼዋለሁ። ለፈተና ይሸመድዱታል፣ በማግስቱ ይጠፋቸዋል።

ይልቅ አሃዱንም (ኪሎ ሜትር፣ ሜትር፣ ሰዓት የሚለውን መለኪያ) እንደ ቁጥር ይያዙት። 1 ኪሎ ሜትር ከ1000 ሜትር ጋር እኩል ስለሆነ አንዱ ለሌላው ሲካፈል ውጤቱ 1 ነው። በ1 ማባዛት ደግሞ መጠኑን አይለውጥም። ይህቺ ሳትገባቸው ወደፊት አይሂዱ፤ ሌላው ሁሉ የቆመው እሷ ላይ ነው።

ከዚያ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ይስጧቸው።

72 ኪሜ/ሰዓት × 1000 ሜ/1 ኪሜ × 1 ሰዓት/3600 ሴኮንድ

ኪሜ ከላይም ከታችም ስላለ ይሰረዛል፣ ሰዓትም እንዲሁ። የሚቀረው 20 ሜትር በሴኮንድ ነው። ክፍልፋዩን ገልብጦ የጻፈ ልጅ ኪሜ አልሰረዝ ሲለው ስህተቱን ራሱ ያየዋል። ዘዴውን የምወደውም ለዚህ ነው።

ስረዛውን በቀይ እስኪርቢቶ ያሠሯቸው። ስፋት ላይ ግን ይጠንቀቁ፦ 1 ካሬ ሜትር 100 ሳይሆን 10,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። 100 ሴሜ/1 ሜ የሚለው ክፍልፋይ ሁለቴ መባዛት አለበት።