«የመጨረሻ ቅባት» ወይስ «ቅብዐ ሕሙማን»?

ጥያቄ፦ እናቴ ካቶሊክ ናቸው። ከቀዶ ሕክምናቸው በፊት ካህን ጠርተን ተቀቡ። ለዘመዶቻችን «የመጨረሻ ቅባት ተቀቡ» ብዬ መልእክት ብልክ ሁሉም ለሞት የተቃረቡ መስሎት ደነገጠ። አንዱ «ቅብዐ ሕሙማን ነው የሚባለው» አለኝ፤ ኦርቶዶክስ ጎረቤታችን ደግሞ «ቀንዲል» ነው ይላሉ። የቱ ልክ ነው?

መልስ፦ ዘመዶችዎ ባይደነግጡ ይገርመኝ ነበር፤ ያነበቡት የጻፉላቸውን ነው። «የመጨረሻ ቅባት» የድሮው የላቲን ስም ቀጥተኛ ትርጉም ነው። በመካከለኛው ዘመን በምዕራቡ ዓለም ምሥጢሩ፣ ማለትም ካህን በሽተኛውን ዘይት ቀብቶ የሚጸልይበት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ እየዋለ እያደረ ለሚያጣጥር ሰው ብቻ የሚፈጸም ሆነ፤ ስሙም ከዚያ ልማድ ጋር ጸና። ስሙን ያረመችው ግን ራሷ ቤተ ክርስቲያኒቱ ናት። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው ሰነድ «የሕሙማን ቅባት» ቢባል እንደሚሻልና ምሥጢሩ በሞት አፋፍ ላሉ ብቻ እንዳልሆነ ገለጸ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛም በ1972 ሥርዓቱን አደሱት። በሽተኛው ድኖ እንደገና ክፉኛ ቢታመም ወይም ሕመሙ ቢጠናበት ደግሞ ይቀባል። የሚደገም ነገር እንዴት «የመጨረሻ» ይባላል? እኔን ከሰዋስው ይልቅ የሚያናድደኝ የስሙ መዘዝ ነው፦ ቤተሰብ «በሽተኛው ተስፋ እንዳይቆርጥ» እያለ ካህኑን የሚጠራው አንደበት ከተዘጋ በኋላ ይሆናል። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ግን «ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት» የሚለው ለታመመ ሰው ነው።

ስለዚህ «ቅብዐ ሕሙማን» ይጻፉ። በግእዝ «ቅብዕ» ከሌላ ስም ጋር ሲናበብ መጨረሻው «ዐ» ይሆናል፤ «ቅብዓ» የሚለው አጻጻፍ የተለመደ ቢሆንም ንባቡን አይጠብቅም። «ሕሙማን» ራሱ ብዙ ስለሆነ «ሕሙማኖች» ማለት ብዙን እንደገና ማብዛት ነው። ግእዙ ከከበደዎ «የሕሙማን ቅባት» ጥሩ አማርኛ ነው።

ጎረቤትዎም አልተሳሳቱም። ቀንዲል መብራት ነው፤ ስሙ በምሥራቃውያን ሥርዓት በጸሎቱ ጊዜ ከሚበራው የዘይት መብራት የመጣ ነው። የግእዝ ሥርዓት ተከታይ ካቶሊኮችም «ምሥጢረ ቀንዲል» ይላሉ። ሆኖም «ቀንዲል ተቀቡ» አይጥመኝም፤ ቀንዲል ይበራል እንጂ አይቀባም። «ቅብዐ ቀንዲል ተቀቡ» ቢሉ ይቃናል። «ሜሮን ተቀቡ» ግን ፈጽሞ አይበሉ። ሜሮን በለሳን የገባበት ሌላ ቅባት ነው። በላቲን ሥርዓት ለበሽተኛ ግንባርና እጅ የሚውለው ለዚሁ የተባረከ ዘይት፣ በልማድ የወይራ ዘይት ነው።

ግሡን በተመለከተ «ቁርባን ተቀበለ» እንደምንለው ሁሉ «ቅብዐ ሕሙማን ተቀበሉ» ያስኬዳል። በመልእክትዎ «ከቀዶ ሕክምናቸው በፊት» የሚለውን ቢያስቀድሙ ደግሞ ማንም አይደነግጥም።