መሃል ላይ ስለሚቋረጡ ልቦለዶች

እህቴ፣ በዚህ ዓመት ሁለት የፍቅርና አንድ የወንጀል ልቦለድ ገዝተሽ ሦስቱንም መሃል ላይ እንዳቆምሻቸው ጽፈሻል። «ችግሩ የእኔ ነው ወይስ የመጻሕፍቱ? በቅርቡ ካነበባችሁት ውስጥ እስከ መጨረሻው የያዛችሁ የትኛው ነው?» ብለሽም ጠይቀሻል። ብዙዎች ርዕስ ብቻ እየጻፉ መልሰውልሻል። እኔ ግን ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ፤ ይህ ጥያቄ ለዓመታት ከራሴ ጋር ሲያነጋግረኝ የኖረ ነው።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የምሠራው ደግሞ ሜክሲኮ አካባቢ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተሰልፌ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጫ ካገኘሁ እስከ ሥራዬ ድረስ አነባለሁ። ማታ ቆሜ ስለምመለስ መጽሐፉ ከቦርሳዬ አይወጣም። እንዲያም ሆኖ በወር ሁለት ልቦለድ እጨርሳለሁ። አውቶቡስ መጽሐፍን ክፉኛ ይፈትናል። ሰው ይገፋል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ አጠገብሽ የተቀመጠው ሰው ስለ ቤት ኪራይ በስልክ ይከራከራል። በዚህ ሁሉ መሃል ቃሊቲን ማለፌን ሳላስተውል ሳሪስ ያደረሰኝ መጽሐፍ ካለ፣ ያንን ለሰው ለመምከር አላመነታም።

የጀመርሻቸውን መጻሕፍት ርዕስ ስላልጻፍሽ በእነሱ ላይ መፍረድ አልችልም። ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም ብዬ አምናለሁ፤ ለምን እንደማምን ልንገርሽ።

የፍቅር ልቦለድ ስይዝ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ እነዚህን ሁለት ሰዎች ያለያያቸው ምንድን ነው? መልሱ በአንድ የስልክ ጥሪ የሚፈታ ከሆነ መጽሐፉ ከመሃሉ በኋላ ነፍስ አይኖረውም። ባለፈው ክረምት አንድ አዲስ ልቦለድ አንብቤ ነበር፤ ለደራሲው የመጀመሪያ ሥራው ስለሆነ ርዕሱን አልጠራም። አጀማመሩ ግሩም ነው። ልጅቷ በሐምሌ ዝናብ የአባቷን ሱቅ ስትከፍት የቆርቆሮው ድምፅ ይሰማሻል፣ የጭቃው ሽታ ይሸትሻል። ገጽ 90 አካባቢ ግን እጮኛዋን ከሌላ ሴት ጋር ሆቴል በር ላይ ታየዋለች። ወዲያው ስልኳን ዘግታ ከተማ ትቀይራለች። ከዚያ በኋላ ያሉት ከ150 የሚበልጡ ገጾች እሱ ሲፈልጋት፣ እሷ ስትሸሽ የሚያልቁ ናቸው። መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ የአክስቱ ልጅ ሆና ትገኛለች። መጽሐፉን ስዘጋ አዘንኩ። ያን ዝናብ እንደዚያ አድርጎ መጻፍ የሚችል እጅ ለሁለቱ ልጆች እውነተኛ እንቅፋት ቢያስቀምጥላቸው ኖሮ ምን ዓይነት ሥራ ይወጣው ነበር! ልቤን ያመመኝ ይህ ነው።

እውነተኛ እንቅፋት ማለት ምን እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» አለልን። በዛብህን ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ለእግዚአብሔር ተስለውታል። ሰብለ ወንጌል ደግሞ ለልጃቸው የሚመጥን ዘር አጥተው ጠያቂን ሁሉ ሲመልሱ የኖሩት የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። በአንድ በኩል ስእለት፣ በሌላ በኩል የዘር ኩራት። ሁለቱ ቁጭ ብለው ሌሊቱን ሙሉ ቢነጋገሩ እንኳ ከፊታቸው ያለው ግድግዳ ስንዝር አይነቃነቅም። እናቴ መጽሐፉን ያወቀችው በዓይኗ ሳይሆን በጆሮዋ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ቡናዋን አቁማ ትሰማ እንደነበር ትነግረን ነበር። መጨረሻውን እያወቀችው በድጋሚ ሲተላለፍም ታለቅስ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ለጥያቄሽ ሌላ ፊት የሚሰጥ ነገር አለ። ይህንኑ መጽሐፍ የ17 ዓመት ልጅ ሳለሁ ጀምሬ መሃል ላይ ትቼው ነበር። የበዛብህንና የሰብለን ነገር ለማወቅ እየጓጓሁ ታሪኩ ወደ ፊታውራሪና ወደ ገበሬዎቹ ጠብ ሲዞር ትዕግሥቴ አለቀ፤ ደራሲው መንገድ የሳተ መሰለኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሥራ ይዤ፣ አለቃ ምን እንደሆነ አውቄ ስመለስበት ከሁሉ የበለጠ የያዘኝ ያው የተውኩት ክፍል ሆነ። ፊታውራሪን በገበሬዎች ላይ ያዘመታቸው ኩራት እና በልጃቸው ፊት ግድግዳ ሆኖ የቆመው ኩራት አንድ ነው። የመጀመሪያውን ሳታዪ ሁለተኛው ምን ያህል እንደሚከብድ አይገባሽም። እና እህቴ፣ ካቆምሻቸው ሦስት መጻሕፍት አንዱ እንዲህ ያለ ሊሆን ይችላል። ያቆምሽበትን ቦታ አስታውሺ፦ ታሪኩ ባለበት ሲረግጥ ነው ያቆምሽው ወይስ ወዳልጠበቅሽው ሲዞር? ባለበት ሲረግጥ ከሆነ ለሌላ ሰው ስጪው። ወዳልጠበቅሽው ሲዞር ከሆነ ግን መደርደሪያሽ ላይ ይቆይ።

ወደ ወንጀልና ስለላው ልሂድ። የእኛ ሰዎች ልብ ሰቀላ የሚሉት ነገር እዚህ ዋናው ነው፤ ብዙ አዳዲስ ደራስያን ግን ልብ ሰቀላን ከመደበቅ ጋር አንድ አድርገው ያዩታል። ገዳዩ ማን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ገጽ ከደበቁ የሠሩ ይመስላቸዋል። አምና ከአዟሪ የገዛሁት አንድ የወንጀል ልቦለድ ከገጽ 160 በቀጥታ ወደ ገጽ 177 ይዘላል። ሲጠረዝ አንድ ሙሉ እጥፍ፣ ማለትም 16 ገጽ፣ ወድቆ ቀርቷል። መጽሐፉን ጨርሼ ለጎረቤቴ ካዋስኩ በኋላ ጉድለቱን ያገኘችው እሷ ናት፤ እኔ አላስተዋልኩትም። ከዚያ በፊት መርማሪው አንድን ሰው ይጠይቃል፣ ከዚያ በኋላም ሌላ ሰው ይጠይቃል፤ በመሃል 16 ገጽ ጠፍቶ ምንም አልጎደለም። ያን ጊዜ የጠራዡን ጥፋት ትቼ ስለ ደራሲው አሰብኩ። ከጥሩ የወንጀል ልቦለድ አንድ ገጽ ቢወድቅ እንኳ አንባቢው ሊሰናከል ይገባዋል።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነውን በቅርቡ ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የፍሬድሪክ ፎርሳይት «ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃክል»፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣ። የፈረንሳይን ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎልን ለመግደል ስለተቀጠረ ሰው ነው። ደ ጎል በሰው እጅ እንዳልሞቱ፣ በ1970 በገዛ ቤታቸው እንዳረፉ ዓለም ያውቃል። ስለዚህ መጽሐፉን ከመክፈትሽ በፊት ገዳዩ እንደማይሳካለት ታውቂያለሽ። ታዲያ ለምን ትንፋሽ ያሳጣል? ደራሲው የሚይዝሽ «ምን ይሆን?» በሚለው ሳይሆን «እንዴት አድርጎ?» በሚለው ነው። ሰውየው በልጅነቱ በሞተ ሰው ስም ፓስፖርት ሲያወጣ፣ ልዩ ጠመንጃ ሲያሠራ፣ በሌላ በኩል ክሎድ ለበል የሚባል ትሑት መርማሪ በስልክና በመዝገብ ብቻ አንድ እርምጃ ሲቀርበው ታያለሽ። እኔ መዝገብ ክፍል የምሠራ ሰው ነኝና አንድን ሰው በፋይል ውስጥ ፈልጎ የማግኘትን ድካም አውቀዋለሁ፤ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ እንደ ጦርነት ሲጻፍ ሳይ ደስ አለኝ። የሴቶቹ ነገር ግን አልጣመኝም። ለገዳዩ መሸጋገሪያ እንዲሆኑ ብቻ የገቡ ናቸው፤ ልብ አልተሰጣቸውም። ፍቅርን ለምትፈልግ ሰው ይህ መጽሐፍ ደረቅ ነው።

ፍቅርንም ስለላንም በአንድ ላይ ፈልገሽ ከሆነ መልሴ በዓሉ ግርማ ነው፤ «ኦሮማይ»። ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩት። ጋዜጠኛው ፀጋዬ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳ ሥራ አሥመራ ይሄዳል፤ እዚያ ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል። የስለላው ታሪክና የፍቅሩ ታሪክ ተራ በተራ የሚመጡ ሁለት ታሪኮች አይደሉም፤ አንዱን ብትመዥው ሌላውም አብሮ ይመዘዛል። በዚያች ከተማ ውስጥ ሰውን ማመን አደጋ ነው፤ ማፍቀር ደግሞ ያለ ማመን አይሆንም። ከዚህ የበለጠ እንቅፋት ከየት ይመጣል? በመጀመሪያው ንባቤ ከፊያሜታ ጋር ነበርኩ። በሁለተኛው ከሮማን ጋር። በዚህኛው ግን ናቅፋ ተራራ ላይ፣ 1702 በተባለው ከፍታ፣ ስለሚረግፉት ወጣቶች የተጻፈውን ሳነብ አውቶቡሱ ውስጥ መጽሐፉን ዘግቼ በመስኮት ውጭ ውጭውን ሳይ ቆየሁ። አሁን የራሴ ልጅ 20 ዓመቱ ነው፤ ያን ክፍል የማነብበት ልብ ሌላ ሆኗል።

መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ መሰብሰቡን፣ ደራሲው ከሥራው መባረሩንና በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አለመመለሱን ምናልባት ታውቂ ይሆናል። ይህን እያወቁ ማንበብ ሌላ ክብደት አለው። ነገር ግን ከዚህ ታሪክ የተነሣ ብቻ የሚነበብ አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ያናድዱኛል። ማን እንደጻፈው፣ ምን እንደደረሰበት ሳታውቂ ብታነቢውም ከእጅሽ አይወርድም። በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣ የእኛን ፖለቲካ የማያውቁ አንባቢዎች እጅ ገባ፤ እኔም እንደ ዘመድ ሠርግ ደስ ብሎኛል። በመሃል ላይ ያሉት ረጃጅም የስብሰባ ንግግሮች ከባድ ናቸው፤ ይህን አልደብቅሽም። ቢሆንም አትዝለያቸው፤ የዚያ ዘመን ሰው ፊት ለፊት የሚናገረውና በልቡ የያዘው እንዴት እንደሚለያይ የሚታየው እዚያ ነው።

አንድ ልጨምር፤ ከላይ ያወጣሁትን የስልክ ሕግ የሚፈታተን መጽሐፍ ስለሆነ። የዳፍኒ ዱ ሞሪየ «ሬቤካ» ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1938 የታተመ፤ ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገልኩ በሁለት ወር ነው የጨረስኩት። አንዲት ድሀ ወጣት ሚስቱ የሞተችበትን ባለጸጋ አግብታ ወደ ትልቁ ቤቱ ትገባለች። የቤቱ ጥግ ሁሉ የሟቿን ስም ይጠራል፤ የዚህችኛይቱ ስም ግን በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አይነገርም። ባሏ ሟቿን እንጂ እሷን እንደማይወድ እርግጠኛ ሆና ትማቅቃለች። «አንድ ጊዜ ብትጠይቀው ኖሮ» እያልኩ ተበሳጨሁ፤ ያው እንደዚያ የክረምቱ ልቦለድ መሰለኝ። እሱ ዝም ያለበት ምክንያት ሲገለጥ ግን ጥያቄው ቢጠየቅ እንኳ ሊመለስ የማይችል እንደነበር አየሁ። ምክንያቱን አልነግርሽም፤ ራስሽ ድረሺበት። እንግዲህ ሕጌን እንዲህ አሻሽዬዋለሁ፦ ዝምታ እንቅፋት ሊሆን ይችላል፣ ከዝምታው በስተጀርባ ለመናገር የሚያስፈራ ነገር እስካለ ድረስ።

ስለ መግዛት ደግሞ አንድ የማደርገው ነገር አለ። መጽሐፍ ሻጭ ጋ ስቆም የመጀመሪያውን ገጽ አላነብም፤ የመጀመሪያውን ገጽ ሁሉም ደራሲ አሳምሮ ይጽፈዋል። መሃሉን እከፍታለሁ፣ 120 ወይም 130 አካባቢ፣ ሁለት ገጽ ቆሜ አነባለሁ። ማን ማን እንደሆነ ባላውቅም ሰዎቹ አንድ ነገር አጥብቀው እየፈለጉ መሆኑ ከታወቀኝ እገዛለሁ። አሁን በመጽሐፍ ዋጋ ሦስት ልቦለድ ገዝቶ መተው ቀላል ኪሣራ አይደለም። እኛ ብሎክ ውስጥ አራት ሴቶች ነን፤ አንዳችን የገዛነው ለሦስቱ ይዞራል፤ እሑድ ቡና ላይ እንከራከርበታለን። በአካባቢሽ ሁለት ሰው ካገኘሽ መጀመር ትችያለሽ።

የእኔ «ኦሮማይ» አሁን ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ዘንድ ነው። ትናንት ደረጃ ላይ ስንገናኝ ፀጋዬ ገና አሥመራ መግባቱ ነው አለችኝ። ስትጨርስ ሜክሲኮ መምጣት የምትችዪ ከሆነ አውስሻለሁ። እስከዚያ የተውሻቸውን የሦስቱን መጻሕፍት ርዕስና ያቆምሽበትን ገጽ ጻፊልን፤ ከመካከላቸው ያነበብኩት ካለ መቀጠል ይገባው እንደሆነ በግልጽ እነግርሻለሁ።