ጌስት አካውንት የተማሪን ሥራ ለምን ያጠፋል?

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤታችን የአይሲቲ ክፍል ባሉት ኮምፒውተሮች ላይ ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጭነናል፤ ራማቸው 4 ጊጋ ነው። ሁሉም ተማሪ በአንድ አካውንት ሲገባ አንዱ የሌላውን ፋይል እያጠፋ ስላስቸገረን ጌስት፣ ማለትም ያለ ፓስወርድ የሚገባበትን የእንግዳ አካውንት ከፈትን። አሁን ደግሞ የተማሪ ሥራ ይጠፋል፤ የአማርኛ መጻፊያው በየክፍለ ጊዜው እንደ አዲስ ካልተስተካከለ አይገኝም፤ አንዳንዴም ሃርድ ዲስኩ ባዶ ሆኖ ሳለ «ቦታ የለም» ይላል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ መምህር፣ የሦስቱም ችግር ምንጭ አንድ ነው። ጌስት ሲገባ፣ የመግቢያውን ስክሪን የሚያስተዳድረው ላይትዲኤም በ«ጌስት» የሚጀምርና መጨረሻው በየጊዜው የሚለዋወጥ አዲስ ተጠቃሚ ይፈጥራል። የዚህ ተጠቃሚ ሆም ፎልደር (የግል ፋይሎቹና ማስተካከያዎቹ ያሉበት) የሚቀመጠው ራም ላይ እንጂ ሃርድ ዲስክ ላይ አይደለም። ሎግ አውት ሲል ተጠቃሚውም ፎልደሩም አብረው ይሰረዛሉ። ስለዚህ ጌስቱ ከተሠራለት ዓላማ አልወጣም፤ መለወጥ ያለበት ዙሪያው ነው።

ከ«ቦታ የለም» እንጀምር። ራም ላይ ያለው ፎልደር ጣሪያው የራሙ ግማሽ ነው፤ በእናንተ ኮምፒውተር 2 ጊጋ ገደማ ማለት ነው። አንድ ተማሪ ሁለት ፊልም ዳውንሎድ ካደረገ ያልቃል፤ ከማለቁ በፊትም ፋየርፎክስና ሊብሬኦፊስ የሚሠሩበትን ራም ስለሚሻማ ኮምፒውተሩ መንቀርፈፍ ይጀምራል። ሃርድ ዲስኩን ማጽዳት እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም። ከባድ ፋይል በቀጥታ ፍላሽ ላይ ይውረድ፤ የሞላው ጌስት ደግሞ ሎግ አውት ሲደረግ ራሱ ይለቀቃል።

አማርኛው የሚጠፋው ጌስቱ ሁልጊዜ ከባዶ ስለሚነሳ ነው። መፍትሔው ናሙና ማዘጋጀት ነው። አማርኛ ለመጻፍ የሚያስችሉትን አይባስንና አይባስ-ኤም17ኤንን በአስተዳዳሪው አካውንት አንዴ ይጫኑ። ከዚያ እርስዎ ብቻ ፓስወርዱን የሚያውቁት አንድ ተራ አካውንት ይክፈቱና ውስጡ ገብተው ሁሉንም ያስተካክሉ፦ የአማርኛ መጻፊያውን ይጨምሩ፣ ዴስክቶፑን ያደራጁ፣ ስክሪን መቆለፉን ያጥፉ። መቆለፉ የሚጠፋው ጌስት ፓስወርድ ስለሌለው ነው፤ አንዴ ከተቆለፈ ተማሪው መልሶ ለመግባት ይቸገራል። የዴስክቶፕ ምስል መቀየር ከፈለጉ ምስሉ ከናሙናው ሆም ፎልደር ውጭ ይቀመጥ፤ ጌስቱ ያንን ፎልደር የመክፈት ፈቃድ ስለሌለው ባዶ ስክሪን ነው የሚያየው።

አሁን ናሙናውን ለጌስት ማሳየት ነው። ከናሙናው ሎግ አውት ብለው በአስተዳዳሪው ይግቡ፤ ፋይል ማናጀሩን በሩት (ሙሉ የሲስተም) ፈቃድ ከፍተው ኢ-ቲ-ሲ ወደሚባለው የሲስተም ፎልደር ይሂዱ። እዚያ «ጌስት-ሴሽን» የሚል ፎልደር ይፍጠሩ፤ ሁሉም በትንንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ በሁለቱ ቃላት መሃል ሰረዝ አለ። ውስጡ ኤስ-ኬ-ኢ-ኤል የሚል ሌላ ፎልደር ይፍጠሩና የናሙናውን ሆም ፎልደር ይዘት እዚያ ይቅዱ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ማስተካከያው ያለው ስማቸው በነጥብ በሚጀምር ስውር ፋይሎች ውስጥ ስለሆነ ኮንትሮልና ኤች ተጭነው ካላወጧቸው ባዶ ፎልደሮችን ብቻ ቀድተው ይቀራሉ። ፕሮግራሞች ጊዜያዊ ፋይል የሚያከማቹበትን ካሽ የሚባለውን ስውር ፎልደር ግን ይተዉት፤ ጌስት በገባ ቁጥር እየተቀዳ ራም ይበላል። በናሙናው ፋየርፎክስ ኢሜይልም ሆነ ሌላ ነገር አይክፈቱ፤ የገቡበት ሁሉ ለእያንዳንዱ ተማሪ ይደርሰዋል። በኋላ ናሙናውን ካሻሻሉ ቅጂውንም ማደስ አይርሱ።

የተማሪ ሥራ ነገር ከሁሉም ይከብዳል፤ መብራት ሲጠፋ ራም ላይ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋልና። ሊብሬኦፊስ ያልተጠበቀ መዘጋት ሲያጋጥም ሰነድ መልሶ የሚያወጣበት ፋይልም ያው የጌስቱ ሆም ፎልደር ውስጥ ስለሆነ አያድንም። ተማሪው ገና ሲጀምር ሰነዱን ስም ሰጥቶ ፍላሽ ላይ ሴቭ ያድርግ። በናሙናው ሊብሬኦፊስ ቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ ሎድ/ሴቭ፣ ጄኔራል ገብተው የማገገሚያውን ደቂቃ ወደ 5 ያውርዱ፤ ሰነዱን ራሱን በየጊዜው ሴቭ የሚያደርገውንም ሳጥን ምልክት ያድርጉበት። ያኔ መብራት ቢጠፋ የሚባክነው ቢበዛ የ5 ደቂቃ ሥራ ነው። ለፍላሹ ዴስክቶፕ ላይ ቋሚ ሾርትከት ለመሥራት አይድከሙ፤ የፍላሹ አድራሻ የጌስቱን ስም ስለሚይዝ በየመግቢያው ይለወጣል። ፍላሹ ከመነቀሉ በፊት ኢጀክት ይደረግ። ሴሚስተር ሙሉ የሚዘልቅ ፕሮጀክት ላላቸው ተማሪዎች ግን ጌስት አልመክርም፤ ለእነሱ የየራሳቸውን ተራ አካውንት ይክፈቱላቸው።

ኡቡንቱ ይሻል ይሆን ብለው አስበው ከሆነ፣ ለዚህ ሥራ ሚንት ይሻላል። ኡቡንቱ ከ17.10 ጀምሮ ከላይትዲኤም ወደ ሌላ የመግቢያ ስክሪን አስተዳዳሪ፣ ወደ ጂዲኤም ስለተሻገረ ጌስት የሚባል ነገር የለውም። ላይትዲኤምን መልሰው ቢጭኑበት እንኳ ፋየርፎክሱ ስናፕ በሚባለው የኡቡንቱ የፕሮግራም ጥቅል የሚመጣ ነው፤ ስናፕ ደግሞ ሆም ፎልደሩ ከተለመደው ቦታ ውጭ ለሆነ ተጠቃሚ እንዲሁ አይነሳም። በሚንትም ቢሆን ለጌስት የሚሆኑ ፕሮግራሞችን በዴብ (በተለመደው የሚንት ጥቅል) ይጫኑ።

ጥበቃውን በተመለከተ፣ ጌስትን ከሌሎች ፋይሎች የሚከልለው አፕአርመር የተባለው የሊኑክስ የደኅንነት ሥርዓት ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይመኑት። ኡቡንቱ በ2017 ጌስትን ያጠፋው አንዳንድ ፕሮግራሞች ከዚህ ከለላ ውጭ ሲሠሩ ስለተገኙ ነው። የፈተና ወረቀት ያለበትን የእርስዎን ሆም ፎልደር ፈቃድ ወደ 700 ያውርዱት፤ ያኔ አፕአርመር ቢያመልጠው እንኳ ሌላ ተጠቃሚ አይከፍተውም። ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ማስተካከያ) ላይም ፓስወርድ አድርገው ከፍላሽ መነሳትን ይዝጉ፤ ከራሱ ፍላሽ ሊኑክስ ማስነሳት የሚችል ተማሪ ፈቃድ ምናምን አያግደውም።

መብራት በድንገት ሲጠፋ የጌስቱ ስም ከተጠቃሚዎች መዝገብ ሳይሰረዝ ሊቀር ይችላል። ጉዳት የለውም፤ ከተጠራቀመ ግን ማንም ጌስት ባልገባበት ሰዓት ኮምፒውተሩን አስነስተው በአስተዳዳሪው አካውንት አንድ በአንድ ያስወግዷቸው።